በበርሜል የቆየ የእንግሊዝ ባርሌይ ዋይን፦ የትኛውን እንግዛ ለሚሉ የቀረበ ጥቆማ

በእንጨት በርሜል የቆየውን፣ ባርሌይ ዋይን የተባለውን ጠንካራ የእንግሊዝ ቢራ ለመጀመሪያ ጊዜ ለመቅመስ ለሚያስቡ፣ በተለይም በለንደንና በሌሎች የብሪታንያ ከተሞች ለሚኖሩ ወገኖቻችን፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምሰጠው ምክር በርሜል ያልገባውን ሳይቀምሱ በርሜል የገባውን እንዳይገዙ ነው። ብዙ ሰው መለያው ላይ «ዊስኪ» ወይም «ሸሪ» (ጠንካራ የስፔን ወይን) የሚል ቃል ሲያይ ያንኑ አንሥቶ ይሄዳል፤ ከቀመሰው በኋላ ግን የወደደው ቢራውን ይሁን ቀድሞ በርሜሉ ውስጥ የነበረውን መጠጥ ለይቶ መናገር ይቸግረዋል። ከዚህ በታች ያሉትን መጠጦች ሳነጻጽርም የምጠይቀው በርሜሉ ቢራውን አገዘው ወይስ ሸፈነው ብዬ ነው።

ባርሌይ ዋይን ከገብስ ብቅል የሚጠመቅ፣ የአልኮሉ መጠን አብዛኛውን ጊዜ ከ8 እስከ 12 በመቶ የሚደርስ ቢራ ነው። ጠማቂው ከተለመደው ቢራ እጅግ የበዛ ብቅል ይጠቀማል፤ ከብቅሉ የወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽም ብዙ ጊዜ ለረጅም ሰዓት ያፈላዋል፤ በዚህም ፈሳሹ እየወፈረና እየጠቆረ ይሄዳል። እርሾው ስኳሩን ሁሉ መጨረስ ስለማይችል ሥራውን ከፈጸመ በኋላም ጉልህ ጣፋጭነት ይቀራል። አሜሪካውያን ጠማቂዎች በዚሁ መጠጥ ላይ ሆፕ የተባለውን መራራ የቢራ አበባ በማብዛት መራራነቱን ከፍ ሲያደርጉ እንግሊዞቹ ግን ብቅሉን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ በእንግሊዙ ጠርሙስ ውስጥ የሚጠብቁት የካራሜል፣ የዘቢብ፣ የተምርና የማር ቃና ነው።

ለመነሻ የምመርጠው የጄ ደብሊው ሊስን ሃርቨስት ኤል ነው። እ.ኤ.አ. በ1828 የተመሠረተው ይህ የቤተሰብ ቢራ ፋብሪካ የሚገኘው በማንቸስተር አጠገብ በሚድልተን ሲሆን፣ ሃርቨስት ኤልን ከ1986 ጀምሮ በየዓመቱ በአዲሱ መከር ገብስና ሆፕ ይጠምቃል። ገብሱ ማሪስ ኦተር የተባለው የእንግሊዝ ዝርያ፣ ሆፑ ኢስት ኬንት ጎልዲንግስ፣ የአልኮሉ መጠን ደግሞ 11.5 በመቶ ነው። አዲሱ ጠርሙስ በጣም ጣፋጭና ወፍራም ስለሆነ አንዳንዱን ሰው በመጀመሪያው ጉንጭ ሊያስደነግጠው ይችላል። ዓመታት ሲቆይ ግን ስኳርነቱ እየረጋ፣ የሆፑ ምሬት እየለዘበ፣ ቀስ በቀስ የሚገባው አየርም የሸሪ ወይን የሚመስል ቃና እየሰጠው ይሄዳል። የጠመቃው ዓመት መለያው ላይ ስለሚጻፍ፣ አዲሱንና አሮጌውን ጎን ለጎን ማግኘት የቻለ ሰው እንጨት ምንም ሳይነካው ጊዜ ብቻውን ቢራውን ምን እንደሚያደርገው በግልጽ ያያል።

ይኸው ፋብሪካ ሃርቨስት ኤልን የካልቫዶስ፣ የፖርት (ጣፋጭና ጠንካራ የፖርቱጋል ወይን)፣ የሸሪና የላጋቩሊን ዊስኪ በነበረባቸው በርሜሎች ውስጥ አቆይቶ አውጥቷል፤ ለንጽጽር ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ አላውቅም፤ ቢራው አንድ ሆኖ የሚለያየው በርሜሉ ብቻ ነውና። ጠላ የሚጠመቅበት እንስራ በወይራ ሲታጠን ጠላው የጭሱን ቃና እንደሚይዝ ሁሉ፣ እዚህም ቢራው በእንጨቱ ውስጥ ሰርጎ የቀረውን የቀድሞ መጠጥ ይስባል፤ ጭስ የበዛበት ጠላ ጠላነቱ እንደሚጠፋም ሁሉ በርሜሉ ሲያይል ባርሌይ ዋይኑ ይሰወራል። በዚህ ረገድ ከአራቱ የማስቀድመው የሸሪውን ነው። የሸሪ በርሜል የሚሰጠው የለውዝና የደረቀ ፍሬ ቃና ቢራው በራሱ ጊዜ ወደዚያው ከሚያመራበት ጣዕም ጋር ስለሚገጥም፣ ሁለቱን መለየት እስኪያስቸግር ድረስ ይዋሃዳሉ። የፖርቱ ቀይ የፍራፍሬ ጣዕም ይጨምራል፤ ቀድሞውኑ ጣፋጭ በሆነ መጠጥ ላይ ሌላ ጣፋጭ ስለሚደርብ ግን ለብዙ ሰው የሚከብድ ይመስለኛል። የካልቫዶሱ ከኖርማንዲ የፖም ብራንዲ የመጣ ቀለል ያለ የፍሬ ሽታ አለው፤ ማሩን ሳይሸፍን ስለሚያበራው ሁለተኛ ምርጫዬ ነው። ላጋቩሊን በስኮትላንዷ አይላ ደሴት፣ ፒት በተባለው ከበሰበሰ ዕፅዋት በተፈጠረ አፈር ጭስ በደረቀ ብቅል የሚሠራ ዊስኪ በመሆኑ፣ በእርሱ በርሜል የቆየው ቢራ ከሁሉ በፊት የሚሸተው ጭስ ነው። የጭስ ዊስኪ ወዳጅ የሆነ ሰው ሊደሰትበት ይችላል፤ ባርሌይ ዋይን ምን እንደሆነ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ግን በዚህ እንዲጀምር አልመክርም።

ለንደን ውስጥ በቀላሉ የሚገኘውና ለጀማሪ ኪስ የሚስማማው የፉለርስ ቪንቴጅ ኤል ነው። በቺዝዊክ በሚገኘው ግሪፊን ቢራ ፋብሪካ ከ1997 ጀምሮ በየዓመቱ የሚጠመቅ ሲሆን፣ የቢራ ሥራው በ2019 ወደ ጃፓኑ አሳሂ ከተዛወረ ወዲህም ቀጥሏል። የአልኮሉ መጠን 8.5 በመቶ ነው፤ የጠማቂዎቹ እርሾ የሚሰጠው የብርቱካን ማርማላታ ቃና ደግሞ ከሊሱ ለይቶ ያሳውቀዋል። እርሾው በጠርሙሱ ውስጥ በሕይወት ስለሚቀር ሲቀዱ ቀስ ብለው ያጋድሉት፤ አተላውን ከታች ይተዉት። ይኸው ፋብሪካ በ2008 ገደማ ብሩወርስ ሪዘርቭ የተባለ ጠንካራ ቢራ በዊስኪ በርሜሎች ከአንድ ዓመት በላይ አቆይቶ፣ ከዚያ አዲስ ቢራ ቀላቅሎበት አውጥቶ ነበር። በርሜል ውስጥ የቆየን ቢራ በአዲስ ማለዘብ ብዙ ጠማቂዎች ሊከተሉት የሚገባ ጥበብ ነው ብዬ አምናለሁ።

የእንጨት ጥቅም የቀድሞ መጠጥን ጣዕም ማስተላለፍ ብቻ አለመሆኑን ማየት የሚፈልግ ሰው በሪ ሴንት ኤድመንድስ ወደተባለችው የእንግሊዝ ከተማ ይመልከት። እዚያ ያለው ግሪን ኪንግ ቢራ ፋብሪካ፣ ኦልድ ፋይቭ ኤክስ የተባለውን 12 በመቶ የሚደርስ ቢራ ኦክ ከተባለው እንጨት በተሠሩ ታላላቅ ጋኖች ለሁለት ዓመት ያህል እያሳደረ፣ ከቀላል ቢራ ጋር አዋሕዶ 6 በመቶውን ስትሮንግ ሳፎክ ሲያዘጋጅ ቆይቷል። በእነዚያ ጋኖች ውስጥ ዊስኪም ሸሪም የለም፤ ቢራው የሚያገኘው ብስለትንና ስስ መኮምጠጥን ነው። የሊስ ጣፋጭነት የከበደው ሰው ይህን ካገኘ ቢሞክር ሳይሻለው አይቀርም።

አሜሪካ ላላችሁ ደግሞ የሺካጎው ሬቮሉሽን ቢራ ፋብሪካ የሚያወጣው ስትሬይት ጃኬት አለ፤ በእንግሊዝ ስልት ተጠምቆ ቦርቦን የተባለው የአሜሪካ ዊስኪ በነበረበት በርሜል የሚቆይ፣ ከ12 በመቶ በላይ የሆነ መጠጥ ነው። የአሜሪካ ሕግ ቦርቦን በአዲስና ውስጡ በተለበለበ የኦክ ዕቃ እንዲያድር ስለሚያስገድድ፣ አንድ ጊዜ ያገለገሉ በርሜሎች በብዛት ወደ ቢራ ጠማቂዎች ይደርሳሉ፤ የአሜሪካ ኦክም ቫኒላና ኮኮናት የሚያስታውስ ጠንካራ ቃና አለው። ጥሩ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ከሊሱ በፊት ከተቀመሰ ሊሱን ደብዛዛ ያስመስለዋል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ።

ስለ መግዣ ቦታ፦ ፉለርስን በቺዝዊክ ፋብሪካው ባለው ሱቅ፣ ሊስን ደግሞ በተለያዩ ቢራዎች ላይ በተካኑ የጠርሙስ መደብሮች መፈለግ ይቀላል። ከዋጋው ይልቅ አቀማመጡን ይመልከቱ፤ በመስኮት አጠገብ ወይም በደማቅ መብራት ሥር ለወራት የቆመን ጠርሙስ አይውሰዱ፤ ብርሃን ሆፑን አበላሽቶ መጥፎ ሽታ ያመጣልና። ሻጩ ቢራው የትኛው ዓመት እንደሆነና የት እንደተቀመጠ መመለስ ካልቻለ ወደ ሌላ መደብር መሄድ ይሻላል።

አቀማመሱን በተመለከተ፣ ከፍሪጅ እንደወጣ አይጠጣ፤ ቅዝቃዜ ሽታውን ሁሉ ይዘጋዋል። ከ12 እስከ 14 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ፣ አፉ ጠበብ ባለ ትንሽ ብርጭቆ ከ100 ሚሊሊትር ያልበለጠ ይቅዱ፤ ያሽትቱት፤ ጥቂት ወስደው አፍ ውስጥ ያቆዩት። በርሜል ያልገባው ይቅደም፤ ሸሪው ወይም ካልቫዶሱ ይከተል፤ ጭሱ የመጨረሻው ይሁን። ባለ 275 ሚሊሊትሩ የሊስ ጠርሙስ ብቻውን በብሪታንያ መለኪያ ከ3 ዩኒት በላይ፣ ባለ 500 ሚሊሊትሩ ቪንቴጅ ደግሞ ከ4 ዩኒት በላይ አልኮል ይይዛል። የአገሪቱ የጤና ኃላፊዎች በሳምንት ከ14 ዩኒት እንዳይበልጥ ስለሚመክሩ አንዱን ጠርሙስ ለሦስት ወይም ለአራት ሰው ማካፈል ይገባል፤ መኪና የሚነዳ ሰው ግን ጨርሶ አይንካው።

ከምግብ ጋር ስቲልተን የተባለው ጨዋማ ሰማያዊ አይብ ይስማማዋል። ከዶሮ ወጥ ጋር ግን አላቀርበውም፤ ከፍተኛ አልኮል የበርበሬውን ማቃጠል ያባብሰዋልና፤ ምግቡ ከተነሣ በኋላ ይቅረብ። የሊስ አዲሱ ሃርቨስት ኤል አብዛኛውን ጊዜ በታኅሣሥ አንድ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ስለሚወጣ በጾመ ነቢያት መካከል ይውላል። ይህ ጿሚውን ሊያሳስበው አይገባም፤ ጠርሙሱን ጨለማና ቀዝቀዝ ያለ ቦታ አቁሞ ለገና ማቆየት ይችላል፤ ሁለት ገዝቶ አንዱን ለሚቀጥለው ዓመት ገና ቢያስቀምጥ ደግሞ በጣም እመክረዋለሁ።