ከብራድፎርድ ኦን ኤቨን እስከ ባዝ በቦዩ ዳር፦ ከእናቴ ጋር የቱን ያህል ልሂድ?

ሜሮን ዘለንደን፦
ሰላም ናችሁ? እናቴ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት። ለንደን ሰልችቷታል። «ሱቅ ለሱቅ አታንከራትቺኝ፣ ገጠሩን አሳይኝ» እያለች ነው። የኬኔትና ኤቨን ቦይን ተከትሎ ወደ ባዝ የሚወስድ የእግር መንገድ አለ አሉኝ፣ ግን 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጉልበቷን ያማታል። ሜዳ ላይ ቀስ እያለች ትሄዳለች፣ ዳገት ግን አትችልም። ከየት ተነስተን የት ብናቆም ይሻላል? አሮጌ ሕንፃ ካለማ ደስታዋ ነው።

የቦዩ ጎረቤት፦
እህቴ፣ ሙሉውን እርሺው። ከብራድፎርድ እስከ ኤቨንክሊፍ መንደር ብቻ ሂዱ። ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ድሮ ጀልባ የሚጎትቱ ፈረሶች የሚሄዱበት መንገድ ስለሆነ ሜዳ ነው።

መጀመሪያ ግን ብራድፎርድ ያለውን አሮጌ የእህል ጎተራ እዩ። ቦዩ አጠገብ ነው፣ መግቢያ አያስከፍልም። የተሠራው በ14ኛው ክፍለ ዘመን ሲሆን የሻፍትስበሪ የሴቶች ገዳም ንብረት ነበር። ርዝመቱ 50 ሜትር ያህል ነው። ገብታችሁ ቀና በሉ፤ ጣሪያው የድንጋይ ንጣፍ ነው፣ ያን ሁሉ ክብደት የተሸከመው እንጨት ነው። ገባር፣ አሥራት፣ የገዳም እህል... እናትሽ ገና በሩ ላይ ሆነው ይገባቸዋል። እኔ ለልጆቼ ለማስረዳት ምላሴ ደርቋል!

ከዚያ ዝም ብላችሁ ውሃውን ተከተሉ። ጀልባ ላይ የሚኖሩ ሰዎች አሉ፤ እንጨታቸውንም አበባቸውንም ጣሪያው ላይ ይከምራሉ። ብስክሌት ከኋላ ስለሚመጣ እናትሽን በውሃው በኩል አታስኪጃቸው።

ኤቨንክሊፍ ላይ ቦዩ ራሱ ድልድይ ላይ ወጥቶ ወንዙን ይሻገራል። ጀልባ ከላይ፣ ወንዝና ባቡር ከታች! የመሐንዲሱ ጆን ሬኒ ሥራ ነው። መካከለኛው ቅስት ትንሽ ሰርጎዷል፣ እስከ ዛሬ ግን ውሃውን ተሸክሞ ቆሟል። ባቡር ጣቢያው እዚያው ነው። ሁሉም ባቡር ስለማይቆም ሰዓቱን ቀድመሽ እዪ። የሚቆመውንም እጅሽን አውጥተሽ አስቁሚው፣ ካለዚያ ጥሏችሁ ይሄዳል።

ተጓዡ፦
ዳንዳስ የሚባለውን ሌላውን የቦዩን ድልድይ ሳያዩ ሊመለሱ ነው እንዴ? ከኤቨንክሊፉ ድልድይ እሱ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1805 ያለቀ ነው፣ ድንጋዩ ወርቅማ ነው። ሳልፍበት ሁሌ እቆማለሁ።

የቦዩ ጎረቤት፦
ዳንዳስ ያምራል፣ አልካድኩም። ግን በእግር ከሄዱ ለታመመ ጉልበት ሩቅ ነው። መኪና ካላቸው ድልድዩ አጠገብ፣ «ብራስኖከር ቤዝን» የሚባለው ቦታ አቁመው ጥቂት ይራመዱ።

ሰናይት፦
በባቡሩ ባዝ መውረዳችሁ ካልቀረ ፌርፊልድ ሃውስን እንዴት ትረሳላችሁ? ጃንሆይ በስደት ዘመናቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ1936 እስከ 1940፣ የኖሩበት ቤት ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 ለከተማው ሰጥተውታል። ከመሃል ከተማ ወጣ ስለሚል ታክሲ ያዙ። በየቀኑ ለጎብኚ ስለማይከፈት ቀድማችሁ ጠይቁ።

ሜሮን ዘለንደን፦
አመሰግናለሁ። እናቴ ፌርፊልድን ስትሰማ «ቦዩ ይቆይ» ብላ ነበር፣ አግባብቻታለሁ። ቤቱ የሚከፈትበትን ቀን አጣርቼ ጉዞውን በዚያው ቀን አደርገዋለሁ። ስኒከር ይበቃል ወይስ ቡትስ?

የቦዩ ጎረቤት፦
ዝናብ ካልጣለ ስኒከር ይበቃል። ከጣለ ጭቃ አለው፣ ቡትስ አድርጉ።