ላንግታንግ ላይ የእረፍት ቀን የት ላስገባ?

ሰላም ወገኖች። እኔና እህቴ በጥቅምት ወደ ኔፓል፣ ላንግታንግ ሸለቆ ልንሄድ ነው። የምናድረው መንገድ ላይ ባሉት ሻይ ቤቶች ነው። ካትማንዱ ያለ ድርጅት አስጎብኚ ይመድብልናል።

የጨነቀኝ የላኩልን ፕሮግራም ነው። ላማ ሆቴል ከሚባለው የማደሪያ ሰፈር ተነስተን በአንድ ቀን ላንግታንግ መንደር እንገባለን። ከ2,400 ሜትር ገደማ ወደ 3,400 ማለት ነው። በማግስቱ ክያንጂን ጎምፓ የሚባለው መንደር፣ 3,800 ሜትር አልፎ። ከዚያ ሳናርፍ በነጋታው ወደ 5,000 ሜትር የሚጠጋው ጸርኮ ሪ ተራራ ላይ ሊያወጡን ነው! ከ3,000 ሜትር በላይ ግን የማደሪያውን ከፍታ በቀን ከ500 ሜትር በላይ አለመጨመር ይመከራል።

የአዲስ አበባ ልጆች ስለሆንን እስከ ላማ ሆቴል አያሰጋንም፣ ከቤታችን ከፍታ ብዙም አይለይም። ከዚያ በላይ ያለው ነው። እህቴን እንጦጦ ላይ እንኳ ራሷን ያማታል። ድርጅቱ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሄደው» ይለኛል፤ አላሳመነኝም።

የሄዳችሁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። ተጨማሪዋን ቀን የት እናድርጋት፣ መንደሩ ላይ ወይስ ክያንጂን? ዳያሞክስ (የከፍታ ሕመም መከላከያ መድኃኒት) ወስዳችኋል? አስጎብኚው መንገድ ላይ ፕሮግራም ለመቀየር እሺ ይላል ወይስ አስቀድሞ በጽሑፍ መስማማት ይሻላል? ቀብዱን ገና አልከፈልንም።