ከፊል በረሃማ ወረዳ ውስጥ ራስን ችሎ ለመኖር፦ ከመወሰን በፊት ምን ይታይ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለአራት ሰው ቤተሰብ የሚሆን መሬት እያየን ነው። የወረዳው አማካይ ዝናብ በዓመት 400 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከሞላ ጎደል በአራት ወር ውስጥ ይወርዳል። ሐሳባችን 60 ካሬ ሜትር የቆርቆሮ ጣራ፣ አንድ ኩሬ፣ የጓሮ አትክልት፣ ማሽላና ስድስት ፍየል ነው። ያዋጣል?

ጠብታ፦
አማካዩን ተዉት፤ ድርቁን የሚደብቀው እሱ ነው። የ20 ዓመት መዝገብ ፈልጋችሁ ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና ከታች አራተኛውን ያዙ። ከአምስት ዓመት በአራቱ ቢያንስ ያን ያህል ይዘንባል ማለት ነው። 280 ሆነ እንበል። 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ላይ 1 ሊትር ነው፤ ከቆርቆሮ 80 በመቶው ታንከር ይገባል። 60 × 280 × 0.8 = 13,440 ሊትር። አራት ሰው በነፍስ ወከፍ በቀን 20 ሊትር ብቻ ቢጠቀም በዓመት 29,200 ይፈልጋል። ስለዚህ ጣራው 130 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ታንከሩ ደግሞ ለስምንቱ የበጋ ወራት 20,000 ሊትር የሚይዝ ይሁን። ፍየሎቹና ጓሮው ገና አልተቆጠሩም! የመጀመሪያው ዝናብ የወፍ ኩስና አቧራ ስለሚያጥብ ከአሸንዳው ወደ ውጭ ይፍሰስ።

ጭቃ_ሹም፦
ኩሬው ላይ አትቸኩሉ። እንዲህ ባለ አገር ከክፍት ውሃ በቀን 6 ሚሊ ሜትር ያህል ይተናል፤ በ240 ቀን 1.44 ሜትር። አንድ ሜትር ተኩል የተቆፈረ ኩሬ ጠብታ ባይሰርግ እንኳ ፀሐይ ትጨርሰዋለች። አፉ ጠበብ፣ ሆዱ ጠለቅ ብሎ ከላይ ይከደን።

አፈሩን እንዲህ ሞክሩት፦ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል ደረቅ ጓል በብርጭቆ የዝናብ ውሃ ውስጥ ጣል አድርጉና ሳትነኩት ሁለት ሰዓት ጠብቁ። ጓሉ ቢፈርስም ውሃው ጥርት ካለ ደህና ነው። ዙሪያውን እንደ ወተት ከደፈረሰ ግን አፈሩ ሶዲየም በዝቶበታል፤ የኩሬው ግድብ ውስጥ ለውስጥ ይቦረቦራል፣ ማሳውም ከዝናብ በኋላ ቅርፊት ሠርቶ ቡቃያ አያወጣም። ጂፕሰም ያክመዋል፣ ግን ጨዉን አጥቦ የሚያወርድ ውሃ ይፈልጋል፤ እናንተ ያጣችሁት ደግሞ እሱኑ ነው።

ጠያቂ፦
የጉድጓድ ውሃስ?

ጠብታ፦
በበጋው መጨረሻ ሂዱና የጎረቤት ጉድጓዶችን ጥልቀት በገመድ ለኩ፤ ክረምት ላይ ሁሉም ሙሉ ይመስላል። ውሃውን ላቦራቶሪ አስመርምሩ። የኤሌክትሪክ አስተላላፊነቱ (ውሃው ውስጥ ያለው ጨው መለኪያ ነው) በሜትር ከ0.7 ዴሲሲመንስ በታች ከሆነ ለማንኛውም አትክልት ይሆናል፤ ከ3 ካለፈ ባቄላና ካሮት ቀድመው ይሸነፋሉ። ፍሎራይድ ከ1.5 ሚሊ ግራም በሊትር ከበለጠ ለመጠጥ አይሁን፤ ማፍላት ያከማቸዋል እንጂ አይቀንሰውም። እዚያው ያደጉ ሰዎች ጥርስ ከበለዘ ይህን ምርመራ አስቀድሙት። የመቆፈር ፈቃድም ከመሬቱ ይዞታ ተለይቶ የሚሰጥ ሊሆን ስለሚችል ከመፈረማችሁ በፊት አጣሩ።