የአምስት ዓመቷ ልጄ ይህን ፊልም ትችለዋለች? እስከ ቅዳሜ መወሰን አለብኝ

ጥያቄ፦ ከአንዲት እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ቅዳሜ የእህቴ ልጅ ዘጠኝ ዓመት ይሞላዋል። እህቴ ልጆቹን ሰብስባ ሲኒማ ቤት ልትወስዳቸው ነውና የእኔዋም አብራ እንድትሄድ ጠይቃኛለች። ልጄ ገና አምስት ዓመት ከአራት ወሯ ነው። የአክስቷን ልጅ እንደ ጥላ ስለምትከተለው «እሱ ካየ እኔም አያለሁ» ብላ ከወዲሁ የምትለብሰውን ልብስ መርጣ አስቀምጣለች።

ፊልሙ አኒሜሽን ነው። እናቷን በጎርፍ ያጣች አንዲት የቀበሮ ግልገል ወንድሞቿን ፍለጋ በጨለማ ጫካ ውስጥ ትጓዛለች፤ መልኩን የሚለዋውጥ ጭራቅ ደግሞ ያሳድዳታል። ከማስታወቂያው የተረዳሁት ይህን ያህል ነው። የተሰጠው የዕድሜ ደረጃ «ከወላጅ ምክር ጋር» የሚል ሲሆን እኔን ግን ምንም አልረዳኝም።

የጨነቀኝ ያለ ምክንያት አይደለም። ከሁለት ወር በፊት ቤት ውስጥ አንድ የልጆች ፊልም ከፍተንላት ነበር። ደግ መስላ የቆየች አሮጊት በመጨረሻ ፊቷ ተለውጦ አውሬ ሆነች። ልጄ አላለቀሰችም፤ ዝም ብላ ወደ እኔ ተጠጋች። ሌሊት ግን እየባነነች ተነሣች፤ ሦስት ሳምንት ሙሉም ብቻዋን መጸዳጃ ቤት መግባት እምቢ አለች። አንድ ቀን ፀጉሬን ታጥቤ ፎጣ ጠምጥሜ ስወጣ በሩ ላይ ቆማ «አንቺ እማዬ ነሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ቀን ልቤ ተሰበረ።

ባለቤቴ «ሥዕል እኮ ነው፤ ካልለመደችው መቼ ልትደፍር ነው?» ይላል። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ። እኔም አብዝቼ በመጠንቀቅ ልጄን ፈሪ እንዳላደርጋት እሰጋለሁ። እናንተ በምን ትለኩታላችሁ?

መልስ፦ ከሦስት ልጆች አባት

እህቴ፣ ቅዳሜ ከመድረሱ በፊት ብቻሽን ሂጂና እዪው። ሁለት ሰዓት ይፈጅብሽ ይሆናል፤ ከሦስት ሳምንት እንቅልፍ ማጣት ግን ይሻላል። በማስታወቂያው አትፍረጂ፤ ማስታወቂያ አስደንጋጩን ሁሉ በሁለት ደቂቃ ውስጥ አጭቆ ሊያሳይ ይችላል፤ አለዚያም ሳቁን ብቻ አውጥቶ ጨለማውን ይደብቃል።

ባለቤትሽ ያለው ሙሉ በሙሉ ስህተት አይመስለኝም። መካከለኛው ልጄ በአምስት ዓመቱ የትልቅ ወንድሙን ፊልሞች ሁሉ አብሮ አይቷል፤ አንድም ቀን አልባነነም። ትንሿ ግን በስድስት ዓመቷም ፊኛ የሚፈነዳበት ትዕይንት ሲመጣ ከክፍሉ ትወጣ ነበር። ሁለቱም የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ትንሽ ትንሽ ማለማመድ የሚጠቅም ይመስለኛል።

መልስ፦ ከመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ

ከሁሉ በፊት ልጅዎ የጠየቀችዎትን ጥያቄ አቅልለው እንዳያልፉት እለምንዎታለሁ። «አንቺ እማዬ ነሽ?» ያለችው ስለቀበጠች አይደለም፤ በእሷ ዕድሜ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ዣን ፒያዤ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ገደማ ባለው ዕድሜ ልጅ ነገሮችን የሚረዳው በአብዛኛው ከላይ በሚታየው መልካቸው እንደሆነ አስተምሯል። ለእኛ ያቺ አሮጊት ከመጀመሪያውም አውሬ ነበረች፤ ደግነቷ ማታለያ ነበር። ለልጅዎ ግን አንዲት ደግ ሴት ዓይኗ እያየ ሌላ ፍጡር ሆነች። አሮጊቷ ከተለወጠች እናትስ ለምን አትለወጥም?

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ጆአን ካንተርና ግሌን ስፓርክስ የተባሉ ተመራማሪዎች «ዘ ኢንክሬዲብል ኸልክ» በተባለው የቴሌቪዥን ተከታታይ ላይ ይህንኑ ተመልክተዋል። ሰውየው ወደ ግዙፍ አረንጓዴ ፍጡር ሲለወጥ ትልልቆቹ ልጆች ሊረዳ እንደመጣ ስለሚገባቸው ይረጋጋሉ፤ ትምህርት ቤት ያልገቡት ግን ይበልጥ የሚፈሩት ያንኑ ፍጡር ነበር። ሰው እያዳነ እንኳ ይፈሩታል።

ስለዚህ እኔ ለዚህ ዕድሜ ፊልም ስመርጥ ደምና ድብድብ አለ ወይ ብዬ አልጀምርም። መጀመሪያ የማየው የታወቀ ፊት ይለወጥ እንደሆነ ነው። ቀጥሎ ሕፃኑ ገጸ ባሕርይ ከወላጁ ተለይቶ ምን ያህል እንደሚቆይ፣ በዚያ ጊዜ አጠገቡ የሚያጽናናው ሰው ይኑር አይኑር አያለሁ። በመጨረሻም አስፈሪው ነገር ካለፈ በኋላ ልጁ ትንፋሹን የሚሰበስብበት ጸጥ ያለ ጊዜ መኖሩን እመለከታለሁ። ሳይተነፍስ ከድንጋጤ ወደ ድንጋጤ የሚሮጥ ፊልም፣ ጭራቁ የቱንም ያህል አስቂኝ ቢሆን፣ ለአምስት ዓመት ልጅ ከባድ ነው።

«ሥዕል ነው፤ እውነት አይደለም» የሚለው ማጽናኛ ሰባትና ስምንት ዓመት ለሞላው ልጅ ይሠራል። ለእርስዎ ልጅ ግን እቅፍ፣ እጅ መያዝና የምትወደው አሻንጉሊት ይበልጣሉ። ዓይኗን በእጇ ብትሸፍንም ድምፁ ይቀጥላል፤ ያላየችውን ራሷ ትሥለዋለች።

ከእኔ በፊት የጻፉት አባት ስለ ማለማመድ ያነሡት ልክ ነው፤ ነገር ግን ማለማመድና መንከር ይለያያሉ። ውኃ ዋና የምታስተምሯት ልጅ ብትኖራችሁ ከጥልቁ ውኃ ላይ አትጥሏትም። ጨለማ አዳራሽ፣ ግድግዳ የሚያህል ፊት፣ ማጥፊያ የሌለው ድምፅ፤ ይህ ጥልቁ ነው። ማለማመድ ማለት ቤት ውስጥ፣ በቀን፣ መብራት በርቶ፣ መቆጣጠሪያው በልጅቷ እጅ ሆኖ ነው።

አንድ ነገር ዛሬውኑ ሊሞክሩ ይችላሉ። በ1939 በወጣው «ዘ ዊዛርድ ኦፍ ኦዝ» ጠንቋይዋን ሆና የተጫወተችው ማርጋሬት ሃሚልተን፣ በ1975 ፍሬድ ሮጀርስ ለሕፃናት ያዘጋጅ በነበረው የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ ቀርባ ነበር። የጠንቋይዋን ልብስ አንድ በአንድ እየለበሰች፣ ከውስጡ ያለችው ያቺው ሴት መሆኗን ለልጆቹ አሳየቻቸው። እርስዎም ፎጣውን በልጅዎ ፊት ቀስ ብለው ይጠምጥሙት። ያውልቁት። ከዚያ እሷ ራሷ ትጠምጥምልዎት። ለውጡ በገዛ እጇ ሲሆን ትርጉሙ ሌላ ይሆናል።

መልስ፦ ከአንዲት አያት

ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ልበልሽ። ልጅቷን «ትፈሪያለሽ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂያት። በአክስቷ ልጅ ፊት «አልፈራም» ከማለት ሌላ ምን ትላለች? የልጅ አንደበት ይደፍራል፤ ሰውነቱ ግን አይዋሽም። ከንፈሯን ስትነክስ፣ ጣቷን ስታሻሽ፣ ወሬዋ ሲቋረጥ እዪ። አንቺም «ዝም ብላ ተጠጋችኝ» ብለሻል። የሚያለቅሰው ልጅ ይታያል፤ ዝም የሚለው ነው የሚያመልጠን። ፈሪ እንዳታደርጊያት አትስጊ። እናቱ የሰማችው ልጅ ፈሪ ሲሆን አላየሁም።

መልስ፦ ሲኒማ ቤት ከሠራ ሰው

አሥራ አንድ ዓመት በር ላይ ቆሜ ትኬት ተቀብያለሁ። ፊልም ከተጀመረ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ሕፃን ታቅፈው የሚወጡ ወላጆችን ሳይ ሁልጊዜ ያሳዝነኝ የነበረው፣ ብዙዎቹ እንዳጠፉ ሰዎች አቀርቅረው መውጣታቸው ነው።

ስለ ዕድሜ ደረጃው ልንገርዎት። ደረጃው በየአገሩ የተለያየ ነው። በብሪታንያ «ዩ» የሚባለው ከአራት ዓመት ጀምሮ ላሉ ልጆች የሚስማማ ማለት ነው፤ «ፒጂ» (ከወላጅ ምክር ጋር) ደግሞ ስምንት ዓመት ገደማ የሆነውን ልጅ ሊያውክ አይገባም በሚል መለኪያ ይሰጣል። በአሜሪካ ግን «ፒጂ» የዕድሜ ቁጥር የለውም፤ አንዳንዱ ነገር ለልጆች ላይስማማ ስለሚችል ወላጅ ይመዝነው ነው የሚለው። ከ13 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ወላጅ ይበልጥ እንዲጠነቀቅ የሚያሳስበው «ፒጂ-13» የተጨመረው እ.ኤ.አ. በ1984 ነው፤ ከዚያ በፊት በ«ፒጂ» እና ከበላዩ ባለው ደረጃ መካከል ሰፊ ክፍተት ነበር። የብሪታንያውን መለኪያ ከወሰዱ፣ የእህትዎ ልጅ ከመስመሩ በላይ፣ የእርስዎ ልጅ ከመስመሩ በታች ናት። ሁለቱን አንድ ፊልም ላይ ማስቀመጥ ያስቸገረዎት በዚህ ምክንያት ነው።

ባለቤትዎ «ሥዕል ነው» ማለታቸው ብዙ ወላጅ የሚለው ነው። በ1937 የተሠራው የ«ስኖው ዋይት» ፊልም ብሪታንያ ሲደርስ ግን የፊልም መርማሪዎቹ ልጆች ያለ አዋቂ እንዳያዩት የሚያደርግ ደረጃ ነበር የሰጡት። ያም ሥዕል ነበር።

መሄዱን ከወሰኑ የመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ይያዙ፤ ከኋላ በኩል ቢሆን ደግሞ ይሻላል፣ ምስሉ ይርቃል፣ ድምፁም ይቀንሳል። ፊልሙ ራሱ በስንት ሰዓት እንደሚጀምር ሠራተኞቹን ይጠይቁ። ከፊልሙ በፊት የሚታዩት ማስታወቂያዎች አንዳንድ ጊዜ ከፊልሙ ይበልጥ ያስደነግጣሉና እነሱ ካለፉ በኋላ ይግቡ። እጅዎን ሁለት ጊዜ ከጨበጠችዎ ያለ ጥያቄ እንደምትወጡ አስቀድመው ተስማሙ። ስትወጡም አቀርቅራችሁ አትውጡ።

ከጠያቂዋ

እግዚአብሔር ይስጣችሁ። አስተማሪዋ የጻፉትን ለባለቤቴ ጮክ ብዬ አነበብኩለት፤ ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ነገ ማታ ልጅቷን ለእናቴ ትተን ሁለታችንም ፊልሙን ልናይ ነው። አንድ የቀረኝ ጥያቄ ስለ ሌሊቱ ነው። አሁንም በሳምንት አንዴ ትባንናለች። መቼ ነው ከልብ ልሰጋ የሚገባኝ?

መልስ፦ ከሕፃናት ነርስ

መጀመሪያ የትኛው እንደሆነ ለዪው። ከተኛች በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሰዓታት ውስጥ ድንገት ተነሥታ የምትጮህ፣ ዓይኗ ተከፍቶ ሳለ የማታውቅሽ፣ ጠዋትም ምንም የማታስታውስ ከሆነ ይህ ከጥልቅ እንቅልፍ በከፊል የመንቃት ነገር ነው። አትቀስቅሻት፤ እንዳትወድቅና እንዳትጋጭ ብቻ ጠብቂያት፣ ራሱ ያልፋል። ቅዠት ግን የሚበዛው ወደ ንጋት ነው። ትነቃለች፣ ታውቅሻለች፣ ያየችውንም ትነግርሻለች። ያን ጊዜ አቅፈሽ አረጋጊያት፤ ጠዋት ደግሞ ሥዕሉን በወረቀት ትሥለውና መጨረሻውን እንደፈለገች ትለውጠው።

በሳምንት አንዴ እየሆነና እየቀነሰ ከመጣ ደኅና ነው። ሳምንታት አልፈው ካልቀነሰ፣ ወይም ቀን ቀን መጫወት፣ መብላትና ከአንቺ መለየት እንቢ ካለች ለሐኪም አሳዪአት። ከመኝታ በፊት ባሉት ሰዓታት ደግሞ ምንም የሚያስደነግጥ ነገር አትይ፤ ለእናንተ ተብሎ የተከፈተ ዜናም ቢሆን።

መልስ፦ ከሦስት ልጆች አባት

ዋናና ጥልቁ የሚለው ምሳሌ ገብቶኛል። መካከለኛው ልጄ ስላልፈራ ብቻ ሁሉንም በእርሱ ለክቼ ነበር። ትንሿን ከክፍሉ ስትወጣ «ነይ ተመለሽ» እላት እንደነበርም አስታወስኩ። ዛሬ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ማታ እጠይቃታለሁ።

ከጠያቂዋ፦ እሁድ

ሐሙስ ማታ ሄደን አየነው። ጎርፉ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ይመጣል። እሱ እንኳ አጭር ነው፤ ውኃው አይታይም፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማው። ነገር ግን ከመካከሉ በኋላ ጭራቁ የእናትየዋን መልክና ድምፅ ይዞ ከጫካው ወጣ፤ ግልገሏም «እናቴ!» ብላ ሮጠች። ከእኔ ቀድሞ ባለቤቴ እጄን ያዘና «ይህንንስ አታይም» አለኝ። ፊልሙ መጥፎ አይደለም። ለዘጠኝ ዓመት ልጅ እንዲያውም ድንቅ ነው፤ እኔ ራሴ አልቅሻለሁ።

ለልጄ «ትፈሪያለሽ» አላልኳትም። «ይህ ፊልም ለአንቺ ገና ነው፤ ስምንት ዓመት ሲሞላሽ ሦስታችን አብረን እናየዋለን» አልኳት። ተናደደች፤ ልብሷንም ወለል ላይ ጣለችው። እህቴ ግን ነገሩን ስነግራት ከፊልሙ በኋላ ያለውን ጨዋታ ሁሉ እሷ እስክትደርስ አቆየችው። የአክስቷ ልጅም የፊልሙን ታሪክ ራሱ ነገራት፤ ጭራቁን ግን ዘለለው። ማንም አላዘዘውም። «የቀበሮዋ እናት ተመለሰች?» ብላ ስትጠይቀው ዞር ብሎ አየኝ። «አልተመለሰችም፤ ወንድሞቿን ግን አገኘቻቸው» አልኳት። ትንሽ አሰበችና «ስንት ናቸው?» አለችኝ። ሦስት መሆናቸውን ነገርኳት።

ፎጣውን ከዓርብ ጀምሮ በየማታው እንጫወተዋለን። መጀመሪያ ለእኔ ጠመጠመችልኝ፤ ከአንድ ክንድ ርቀት ላይ ሆና። ትናንት ማታ ደግሞ አባቷን አልጋው ላይ አስቀመጠችና ፊቱን እስኪሸፍን ድረስ ጠቀለለችው። ገልጣ አየችው፣ መልሳ ሸፈነችው። «አሁንም አባዬ ነህ» አለችና ሦስተኛ ጊዜ ሸፈነችው።