የጎረቤት እርድና 1ኛ ቆሮንቶስ፦ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም እህት ወንድሞች፣ አንድ ነገር ጨንቆኛል። ታናሽ ወንድሜ ለዒድ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ቤት ተጠርቶ የእነሱን እርድ በላ። እናታችን እስካሁን አኩርፋዋለች፤ ሳህኑን ሳይቀር ለይታበታለች። እሱ ደግሞ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥25ን ይዞ ይሟገታታል፦ በሥጋ ገበያ የሚሸጠውን ሁሉ ሳትመራመሩ ብሉ ተብሏል እያለ። ዳኛ የተደረግሁት እኔ ነኝ።

ታሪኩን ሳነብ ይባስ ግራ ገባኝ። ጳውሎስ ይህን በ50ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሲጽፍ በቆሮንቶስ ለአማልክት ከታረደው የተረፈው ሥጋ ገበያ ይወጣ ነበር። በአስክሊፒዮስ (የግሪኮች የፈውስ አምላክ) መቅደስ አጠገብ የመመገቢያ ክፍሎች በቁፋሮ ተገኝተዋል፤ ሰው እዚያው ይጋበዝ ነበር ማለት ነው። ጳውሎስ ምዕራፍ 8 ላይ ጣዖት ቤት ተቀምጦ መብላትን ይነቅፋል፤ ምዕራፍ 10 ላይ ያላመነ ሰው ቢጠራችሁ የቀረበላችሁን ብሉ ይላል፤ «ለጣዖት የተሠዋ ነው» የሚላችሁ ካለ ግን ተዉት። የሐዋርያት ሥራ 15፥29 ደግሞ ለጣዖት የተሠዋውን በደፈናው ይከለክላል።

የጎረቤቶቻችን እርድ በአንድ አምላክ ስም ነው፤ የጣዖት ልለው አፌ አይደፍርም። ታዲያ የአባቶች ክልከላ የቆመው በእነዚህ ጥቅሶች ላይ ነው ወይስ በአገራችን እርድ የሃይማኖት መለያ ስለሆነ? ሁለተኛው ከሆነ፣ ጳውሎስ እዚያው ምዕራፍ 8 ላይ ደካማውን ወንድም እንዳታሰናክሉ የሚለው ለእናቴ ይሠራል? (ደካማ ማለቴን እንዳትሰማ ብቻ!)

መምህራችንን ብጠይቅ «አይበላም፣ አለቀ» ነው ያሉኝ። በፍትሐ ነገሥትም ሆነ በአንድምታው (በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጓሜው) የት ቦታ እንደማገኘው የምታውቁ ብትጠቁሙኝ።