ኦክስፎርድ ያለችው የክሪኬት ቤት ምኗ ነው ቅርስ የሚያሰኛት?

ጠዋት ሯጭ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ኦክስፎርድ ከመጣሁ ዓመት ሊሞላኝ ነው። ጠዋት ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ፓርክስ ውስጥ እሮጣለሁ። የክሪኬት (ኳስ በዱላ የሚመታበት ጨዋታ) ሜዳው ዳር፣ ጣሪያዋ ላይ ቆብ የመሰለ ነገር የደፋች ቤት አለች። «ቅርስ ናት፣ አትነካም» አሉኝ። ተጫዋች ልብሱን የሚቀይርባት ቤት እንዴት ቅርስ ትሆናለች?

የድሮ ነዋሪ፦ ወንድሜ፣ እኔ እንኳ ስመጣ ሻይ ቤት መስላኝ ሻይ ልጠጣ ሄጄ አፍሬ ተመልሻለሁ! ቤቷ የአርክቴክቱ የቶማስ ጃክሰን ሥራ ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1881 የተሠራች። ሃይ ስትሪት ላይ ያለውን ግዙፍ የፈተና አዳራሽ የነደፈው እሱ ነው። ቱሪስት ፎቶ የሚነሳበት የኸርትፎርድ ድልድይም የእሱ ነው። እንግዲህ አስበው፤ ፈተና አዳራሹንም የኳስ ቤቷንም ለአንድ ሰው ነው የሰጡት። በዚያ ዘመን ጨዋታን ከትምህርት አሳንሰው አላዩትም ማለት ነው። ለእኔ ቅርስነቷ እሱ ነው። ደግሞ ጨዋታ ሲኖር መግቢያ አይከፈልም። ሣሩ ላይ ቁጭ ብለህ ማየት ነው። የጨዋታው ሕግ ግን እስከ ዛሬ አልገባኝም።

አናጺው፦ «አትነካም» የሚለው ትንሽ ተጋኗል። እንግሊዝ ውስጥ በቅርስነት የተመዘገበ ቤት ይጠገናል፤ መልኩን የሚለውጥ ሥራ ግን ያለ ፈቃድ ከሠራህ ወንጀል ነው።

ጠዋት ሯጭ፦ አመሰግናለሁ። ነገ ቆም ብዬ አያታለሁ።

የድሮ ነዋሪ፦ ሯጭ ከሆንክማ ኢፍሊ ሮድ ያለው የሩጫ ሜዳም ሂድ። እንግሊዛዊው ሯጭ ሮጀር ባኒስተር እ.ኤ.አ. በ1954 ማይሉን ለመጀመሪያ ጊዜ ከአራት ደቂቃ በታች፣ በ3 ደቂቃ ከ59.4 ሰከንድ የጨረሰው እዚያ ነው።