«ስትሪትኮር» የተወደደው ጆ ስትራመር ስለሞተ ነው?

የሌሊት ሹፌር፦
ሰላም ለሁላችሁ። የሚከነክነኝ ነገር አለና ሐሳባችሁን አካፍሉኝ።

ለንደን ውስጥ የሌሊት አውቶቡስ ነው የምነዳው። ያደግኩት በቦብ ማርሌይ ነው። «ሪዴምሽን ሶንግ»ን ትርጉሙ ሳይገባኝ በቃሌ እዘፍነው ነበር። ፓንክ የሚባለውን ሙዚቃ ግን አላውቀውም። አንድ ቀን ዴፖ ውስጥ ሻይ ስንጠጣ አንድ የሥራ ባልደረባዬ የጆሮ ማዳመጫውን አቀበለኝና «እስቲ ይችን ስማት» አለኝ። ያችው የልጅነት ዘፈኔ ናት። ድምፁ ግን ሻካራ ነው፤ ሌሊቱን ሲያወራ ያደረ ሰው ድምፅ። ሻዬን ረስቼው ቀዘቀዘ።

ዘፋኙ ዘ ክላሽ የሚባለው የእንግሊዝ ፓንክ ባንድ ድምፃዊ የነበረው ጆ ስትራመር ነው። አልበሙ «ስትሪትኮር» ይባላል፤ ከሜስካሌሮስ ባንድ ጋር የሠራው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2003 ሲወጣ እሱ በሕይወት አልነበረም። ዲሴምበር 22 ቀን 2002፣ ገና በ50 ዓመቱ፣ ሲወለድ ጀምሮ በነበረበትና ባልታወቀለት የልብ ችግር በድንገት ሞተ። የጀመረውን የጨረሱለት የባንዱ ልጆች ማርቲን ስላተሪና ስኮት ሺልድስ ናቸው።

ከዚያ ወዲህ ስለ አልበሙ የተጻፈውን እየፈለግኩ አነባለሁ። ከዘ ክላሽ በኋላ ከሠራው ሁሉ ይበልጣል ያሉት ብዙ ናቸው። በ1989 ብቻውን ያወጣው «ኧርዝኩዌክ ዌዘር» ግን ብዙም አልተሸጠም፣ ሃያሲዎችም አልተደሰቱበትም። ከዚያ በኋላ 10 ዓመት ሙሉ የራሱን አልበም አላወጣም። ታዲያ ይህኛው እውነት በልጦ ነው፣ ወይስ ሁሉም ሙት ወቃሽ ላለመሆን ነው? እኔ አልበሙን ከልቤ እወደዋለሁ። የወደድኩት ሰውየው አሳዝኖኝ እንዳይሆን ግን እፈራለሁ።

የሸክላ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ ሐዘኑ አልበሙን ከፍ አድርጎለታል።

አልበሙ ላይ ያለውን «ሚድናይት ጃም»ን ስማው። ሳይዘፍንበት ነው የሞተው። ስለዚህ በቢቢሲ ዓለም አቀፍ አገልግሎት ከሚያቀርበው የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ድምፁን ቆራርጠው አስገቡበት። ጓደኞቹ ያደረጉት በፍቅር ነው፤ ያም ሆኖ ያላለቀ ሥራ ነው። ሌላው ደግሞ ሃያሲዎቹ ጊታር ናፍቋቸው ነበር። የአልበሙ መክፈቻ «ኮማ ገርል» ገና ሲጀምር የድሮው ስትራመር ተመልሶ የመጣ መሰላቸው።

ለእኔ የ2001ዱ አልበሙ «ግሎባል ኤ ጎ-ጎ» ይበልጣል። እዚያ ላይ «ቢንዲ ባጊ» የሚል ዘፈን አለ። አንድ ከኒውዚላንድ የመጣ እንግዳ የተፈጨ አተር የት እንደሚገኝ ይጠይቀዋል። ስትራመር ደግሞ በሰፈሩ የሚሸጠውን የዓለም ምግብ ሁሉ እየጠራ ይነግረዋል። የለንደንን ጎዳና አንተም ታውቀዋለህ። ያንን ያህል ልቡን ከፍቶ የዘፈነ እንግሊዛዊ ሮከር አላውቅም።

ቀለሟ፦
በ«ሚድናይት ጃም» እስማማለሁ። በሌላው ግን አይደለም።

ብዙዎች አልበሙን እንደ ስንብት ነው የሰሙት። ሰውየው እኮ እየተሰናበተ አልነበረም! እንደሚሞት አያውቅም። ከመሞቱ አንድ ወር በፊት ምዕራብ ለንደን፣ አክተን ውስጥ፣ ለእሳት አደጋ ሠራተኞች ድጋፍ ኮንሰርት አድርጓል። የዘ ክላሽ ጊታሪስት የነበረው ሚክ ጆንስ ከተመልካቹ መሀል ተነስቶ መድረክ ላይ ወጣ። ሁለቱ አንድ መድረክ ላይ አብረው ከተጫወቱ 20 ዓመት ሊሞላ ነበር። ያ ሥራ ላይ ያለ ሰው ነው።

እዚሁ አልበም ላይ ያለውን «ሎንግ ሻዶው»ን ደግሞ የጻፈው ለአሜሪካዊው ዘፋኝ ለጆኒ ካሽ ነው። ካሽ ያን ጊዜ አርጅቷል፣ ታሟል። ስትራመር ቀድሞት ሲሞት ሰው ሁሉ ዘፈኑን ስለ ራሱ እንደጻፈው አድርጎ ሰማው። ካሽም አልበሙ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው ሞተ። ሃያሲዎቹ ሐዘኑ በዛባቸውና ወዳጁን ለማክበር የተጻፈ ግጥም መሆኑን ብዙም አላዩትም። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ ነው። አወድሰውታል፤ ግን ያወደሱት ሌላ አልበም ነው።

የሕይወቱን መጨረሻ ያወቀው ማርሌይ ነበር። «ሪዴምሽን ሶንግ» የ1980ው አልበሙ የ«አፕራይዚንግ» መዝጊያ ነው፤ ሲያወጣው ካንሰር እንዳለበት ያውቃል። በሚቀጥለው ዓመት ሜይ ላይ አረፈ። አንተ ግን ዘፈኑን በልጅነትህ የወደድከው ይህን ሳታውቅ ነው አይደል?

የሌሊት ሹፌር፦
ቀለሟ እህቴ፣ አዎ፣ ምንም አላውቅም ነበር። ስትራመርም መሞቱን ያወቅኩት ሻዩ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። አመሰግናለሁ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር።

ትናንት ሌሊት የ«ስትሪትኮር»ን የመጨረሻ ዘፈን «ሲልቨር ኤንድ ጎልድ»ን ደጋግሜ ሰማኋት። የድሮ ዘፈን ናት፤ ሳላረጅ ይህንንም ያንንም ላድርግ የምትል። ሙዚቃው ሲያልቅ ወዲያው አይቆረጥም። ስትራመር እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ፣ በቃ ይህ ቀረጻ ሆኗል ሲል ይሰማል። እንደ ማንኛውም ሥራውን እንደጨረሰ ሰው። እስካሁን እዚያች ላይ እንባዬ ይመጣ ነበር። ትናንት ግን ደስ ብሎት እንደሚናገር ሰማሁ።

የሸክላ ልጅ፣ አንተም ልክ ነህ፣ «ግሎባል»ን በደንብ አልሰማሁትም። መዝጊያው ብቻውን ከ17 ደቂቃ በላይ ነው አሉ። ዛሬ በእረፍት ሰዓቴ ከእሱ እጀምራለሁ።